ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ

ሰሞኑን ለቅሶ ቤት ተቀምጬ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸውን አዛውንት ሳይ አያቴ ትዝ አሉኝ። የታሪክ አስተማሪ አመል ነውና ሐሳቤ ደግሞ ፈረንሳይ ድረስ ሄደ።

እ.ኤ.አ. በ1897 ኤሚል ዱርካይም ራስን ስለማጥፋት መጽሐፍ አሳተመ። የእህቱ ልጅ ማርሴል ሞስ ወደ 26,000 የሚጠጉ የሟቾች መዝገቦችን በዕድሜ፣ በፆታ፣ በትዳርና በልጅ ለይቶለት ነበር። ቁጥሩ ሲታይ የትዳር ጓደኛ የሞተባቸው በትዳር ካሉት ይልቅ ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ልጅ ያላቸው ግን ይሻላሉ። ዱርካይም ነገሩን የአንድ ሰው እብደት ብቻ አድርጎ አላለፈውም። ሰውን እዚህ ምድር ላይ የሚያስረው በዙሪያው ያለው ሰው ነው አለ። (እሱ ራሱ ልጁን በጦርነት አጥቶ፣ ሐዘኑ ሳይለቀው በ1917 በሕመም አረፈ።)

በ1963 በወጣ ጥናት ደግሞ እንግሊዞች ሚስት የሞተችባቸውን፣ 55 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 4,486 ወንዶች ተከታተሉ። በመጀመሪያው 6 ወር ሞታቸው ከእኩዮቻቸው 40 በመቶ በልጦ ተገኘ። ብዙው የልብ በሽታ ነው። ራስን ማጥፋትን ለይቶ ያየው በ2004 የወጣ የዴንማርክ ጥናት ነው፤ አደጋው ከሁሉ የሚከፋው 80 ባለፋቸው ወንዶች ላይ፣ ያውም ሚስታቸው እንደሞተች ሰሞን ነው።

እኛ ጋ ድንኳኑ በሦስተኛው ቀን ይፈርሳል። 40 አለ፣ 80 አለ፣ ግማሽ ዓመት አለ። ግን ተዝካሩ እኮ ለሟች ነው!

አያቴ እማማን ሲቀብሩ እኔ 10ኛ ክፍል ነበርኩ። ዕቃቸውን ማደል ጀመሩ። ለእኔ የደረሰኝ ራዲዮናቸው ነው፤ «ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል» አሉኝ። ምርቃት መስሎኝ ጉልበታቸውን ስሜ ተቀበልኩ። ቤተሰቡም «እሷን ተከትዬ ብሄድ» ሲሉ የለቅሶ ቃል ነው ብሎ አለፈው። ነገሩ የገባቸው አንድ የእድር ጓደኛቸው ናቸው። እኛን ከቤት አስወጥተው፣ «ራስህን ልታጠፋ አስበሃል እንዴ?» ብለው ፊት ለፊት ጠየቋቸው። አያቴ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥተው ሲያለቅሱ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ሰውዬው በየጠዋቱ ለቡና ይመጡ ነበር። አንዳንዴ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ነው የሚለያዩት። ማታ ማታ አያቴን ብቻቸውን ላለመተው ከወንድሜ ጋር ተራ ገባን። የእድሩን መዋጮ የመሰብሰቡንም ሥራ ለአያቴ ሰጧቸው፤ ደብተሩን ይዘው ቤት ለቤት መዞር ግድ ሆነባቸው።

ግማሽ ዓመቱ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ጠሩኝ። «ራዲዮኔን አምጣ፣ ዜና አመለጠኝ» አሉ። ባትሪውን ሙዚቃ ስሰማ ጨርሼው ነበርና፣ ሮጬ ሱቅ ሄጄ በዱቤ ገዛሁላቸው።