ቪዲዮ ካሜራ ከመግዛትዎ በፊት ምን ማወቅ ይኖርብዎታል?

የሱዳን ጦርነት በካርቱም የፈነዳበት ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. ለኦርቶዶክስ ምዕመናን ቀዳም ስዑር፣ የፋሲካ ዋዜማ ነበር። በከተማዋ ለበዓሉ ሲሰናዱ የነበሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን በቀጣዮቹ ሳምንታት መያዝ የቻሉትን ብቻ ይዘው ወደ መተማ አቀኑ።

በግንባታ ዕቃዎች ገበያው የሚታወቀው የሳጃና ሰፈርና በአቅራቢያው ያለው ዴም ስደተኞች ለዓመታት የኖሩባቸው አካባቢዎች ናቸው። እንደ ማንኛውም የስደት ከተማ ሁሉ፣ በዚያም ሰርግ፣ ክርስትናና ልደት የሚቀረጸው ለደጋሹ ብቻ ሳይሆን መምጣት ላልቻለው የአገር ቤት ዘመድ ጭምር ነው።

ከቤቱ በጥድፊያ ለሚወጣ ሰው ቴሌቪዥኑም ቁም ሣጥኑም ቀሪ ናቸው። ኪስ ውስጥ የምትገባ ሜሞሪ ካርድ ግን ድንበር ልትሻገር ትችላለች። ስለዚህ ካሜራ ሲመረጥ "የትኛው ይሻላል?" ከሚለው በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይቀድማሉ፦ ምን ልቀርጽ ነው? የት ሆኜ? የቀረጽኩትስ የት ይቀመጣል?

ስልክ አይበቃም?

ለብዙ ጉዳይ ይበቃል። ለዚህም ካርቱም ራሷ ምስክር ናት። ግንቦት 26/2011 ዓ.ም. በሠራዊቱ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ለፊት የተቀመጡ ተቃዋሚዎች በኃይል ሲበተኑ የሆነውን ዓለም ያየው በስልክ በተቀረጹ ምስሎች ነው። የቢቢሲ አፍሪካ አይ የምርመራ ቡድንም ከ300 በላይ እንዲህ ያሉ ቪዲዮዎችን መርምሮ ዘገባ ሠርቷል።

ስልክ ሁልጊዜ በእጅ ይገኛል፤ በቀን ብርሃንና በቅርበት የሚያነሳውም ምስል ጥሩ ነው። የሚቸገረው በሦስት ሁኔታዎች ነው፦ ከሩቅ ሲቀርጽ፣ ለሰዓታት ሲቀርጽ እና በከፍተኛ ሙቀት ውስጥ ሲቀርጽ። ባትሪው ካለቀ ደግሞ የሚጠፋው ካሜራው ብቻ ሳይሆን መገናኛዎም ጭምር ነው።

በርካታ የፎቶ ካሜራዎችም ግሩም ቪዲዮ ይቀርጻሉ። ሆኖም ከእነዚህ መካከል፣ በተለይ ቆየት ያሉት፣ 30 ደቂቃ ሊሞላ ሲል ቀረጻውን በራሳቸው ያቋርጣሉ። ረጅም ሥርዓተ ጋብቻ ወይም ቅዳሴ ለሚቀርጽ ሰው ይህ ትልቅ እንቅፋት ነው። ካምኮርደር የሚባለው የቪዲዮ ካሜራ ግን ባትሪና ካርድ እስካለው ድረስ ሳያቋርጥ እንዲቀርጽ ታስቦ የተሠራ ነው።

ምን ሊቀርጹ ነው?

ከሩቅ የሚቀርጹ ከሆነ የሚመለከቱት "ኦፕቲካል ዙም" የሚለውን ቁጥር ነው። ይህ በሌንሱ እንቅስቃሴ የሚገኝ እውነተኛ ማቅረቢያ ነው። "ዲጂታል ዙም" ግን የተቀረጸውን ምስል ቆርጦ ከማስፋት ያለፈ ሥራ የለውም፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ምስሉ ይደበዝዛል። ለምሳሌ የሶኒ ሲኤክስ405 ኦፕቲካል ዙም 30 እጥፍ ነው። በርካሽ ከሚሸጡ ብዙም የማይታወቁ ካሜራዎች መካከል በካርቶናቸው ላይ "4ኬ" እና "16 እጥፍ" ተብሎ ቢጻፍም፣ ኦፕቲካል ዙም ጭራሽ የሌላቸው አሉ።

በምሽትና በቤት ውስጥ የሚቀርጹ ከሆነ ከዙም ይልቅ ብርሃን ተቀባዩ ክፍል፣ ሴንሰሩ፣ ያመዝናል። ሴንሰሩ በተለቀ መጠን በደብዛዛ ብርሃን የሚነሳው ምስል ይጠራል። የሲኤክስ405 ሴንሰር በጣም ትንሽ ስለሆነ በምሽት ድግስ ላይ ምስሉ ነጠብጣብ ይበዛበታል። የሶኒ ኤኤክስ700 ባለ 1 ኢንች ሴንሰር ሲሆን ዙሙ ግን 12 እጥፍ ብቻ ነው። የቤት ካሜራ ላይ ትልቅ ሴንሰርና ረጅም ዙም አብረው እምብዛም አይገኙም፤ አንዱን ለማግኘት ከሌላው መቀነስ ግድ ይላል።

እየተራመዱ የሚቀርጹ ከሆነ ሌንሱን ራሱን የሚያረጋጋ ካሜራ ይምረጡ። በአንድ ቦታ ቆመው ለሚቀርጹ ግን ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ከየትኛውም ማረጋጊያ ይበልጣል፤ ዋጋውም ከካሜራው በእጅጉ ያነሰ ነው።

ድምፅን አይርሱ

ተመልካች የደበዘዘ ምስልን ይታገሣል፤ የማይሰማ ምርቃትን ግን አይታገሥም። በካሜራው ላይ ያለው ማይክሮፎን የሚቀርበውን ሁሉ ይሰበስባል፦ ጄኔሬተሩን፣ የገበያውን ብረት ቅጥቀጣ፣ የቀራጩን ትንፋሽ ሳይቀር።

ቃለ መጠይቅ ወይም የሽማግሌ ታሪክ ለመቅረጽ ካሰቡ የውጭ ማይክሮፎንና የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ያለው ካሜራ ይፈልጉ። ሲኤክስ405 የማይክሮፎን መሰኪያ የለውም፤ 4ኬ የሚቀርጸው ኤኤክስ53 ግን ሁለቱም አሉት። ማይክሮፎኑን ወደ ተናጋሪው ማቅረብ ካሜራውን ከመለወጥ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ሙቀት፣ አቧራ እና መብራት

አብዛኞቹ የቤት ካሜራዎች ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት እንዲሠሩ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። በካርቱም ከሚያዝያ እስከ ሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው፤ መተማም ከዚህ ብዙ አትርቅም። ካሜራን በጥላ ሥር ማዋል፣ በቆመ መኪና ውስጥ አለመተው ያስፈልጋል።

ሃቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ለሚነሳበት አካባቢ ሌንሱ የማይነቀል ካሜራ ይመረጣል፤ ሌንስ በተቀየረ ቁጥር አቧራ ወደ ሴንሰሩ የሚገባበት ዕድል ይሰፋልና። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ በዩኤስቢ ገመድ ከፓወር ባንክ ኃይል የሚሞላ ካሜራ መምረጥ ብልህነት ነው።

ዘመድ ከአሜሪካ ካሜራ ቢልክስ?

ኢትዮጵያም ሱዳንም የሚጠቀሙት 50 ኸርዝ የኤሌክትሪክ ኃይልና ፓል የተባለውን የቴሌቪዥን ሥርዓት ነው። አሜሪካ 60 ኸርዝ ትጠቀማለች፤ የቀድሞ የቴሌቪዥን ሥርዓቷም ኤንቲኤስሲ ነበር። በመሆኑም ከዚያ የመጣ ካሜራ በእኛ አገር መብራት ሥር ሲቀርጽ ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል። መፍትሔው የመዝጊያ ፍጥነቱን በ1/50 ወይም በ1/100 ሰከንድ ማስተካከል ነው። ስለዚህ ይህን በእጅ ማስተካከል የሚያስችል መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። ቻርጀሩ ላይም "100-240 ቮልት" የሚል ጽሑፍ መኖሩን ይመልከቱ።

ባለ ካሴት አሮጌ ካሜራ በርካሽ ቢያገኙ አይቸኩሉ። ካሴት በጊዜ ብዛት ይበላሻል፤ ማጫወቻውም እየጠፋ ነው። የመጨረሻው የቪኤችኤስ ማጫወቻ አምራች እንደነበር የሚነገርለት የጃፓኑ ፉናይ ምርቱን ያቆመው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። በቤትዎ የቆየ የሰርግ ካሴት ካለ፣ ከአዲስ ካሜራ በፊት እርሱን ወደ ዲጂታል ማስገልበጥ ይቀድማል።

የቀረጹት የት ይቀመጣል?

የምስል ጥራት ቦታ ይፈጃል። በሰከንድ 24 ሜጋቢት የሚጽፍ ፉል ኤችዲ ቀረጻ በሰዓት 11 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚጽፍ 4ኬ ግን 45 ጊጋባይት። ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ በመጀመሪያው ከ5 ሰዓት በላይ ሲይዝ በሁለተኛው አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ቤተሰቡ የሚያየው በስልክ ከሆነና የሚላክበት ኢንተርኔት ደካማ ከሆነ ፉል ኤችዲ በቂ ነው። 4ኬ ለሚቀርጹ ቪ30 የሚል ምልክት ያለው ካርድ ይመከራል።

ባለሙያዎች ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ በሌላ ስፍራ እንዲቀመጥ ይመክራሉ። በሰላም ጊዜ የተጋነነ ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ካርቱም ውስጥ ካርዱም፣ ኮምፒውተሩም፣ ሃርድ ዲስኩም በአንድ ቤት የነበረ ሰው ቤቱን ሲያጣ ሁሉንም አብሮ ያጣል። በሌላ ከተማ በሚኖር ዘመድ እጅ ያለ አንድ ቅጂ ያን ቤተሰብ ከዚህ ያድነዋል።

የካሜራውን ቀንና ሰዓትም በትክክል ይሙሉ። ነገ ልጆች "ይህ መቼ ነበር?" ብለው ሲጠይቁ፣ ወይም ምስሉ ለማስረጃነት ሲፈለግ፣ መልሱን ለማግኘት ይረዳል።

የመጨረሻው ጥንቃቄ ስለ ደኅንነት ነው። ከጦርነቱ በፊትም በሱዳን የውጭ አገር ዜጎች ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ ይጠየቁ ነበር። ግጭት ባለበት ስፍራ በፍተሻ ጣቢያ ላይ ካሜራ መያዝ ራሱ ጥርጣሬ ሊያስነሳ ይችላል። የትኛውም ምስል ከቀራጩ ሕይወት አይበልጥም፤ ካሜራን ከቦርሳ ማውጣት የሌለብንን ጊዜ ማወቅም የቀረጻ ዕውቀት አንዱ ክፍል ነው።