ግንድ ማንከባለል፦ የሁለት ወገን ስምምነት፣ የሦስተኛ ወገን ዕዳ

ስለ ሰጥቶ መቀበል የሚናገሩ የእንግሊዝኛ ፈሊጦች አብዛኞቹ የሚያዩት ሁለት ሰው ብቻ ነው። መንገድ አጋማሽ ላይ መገናኘት፣ ልዩነቱን እኩል መካፈል፣ ጀርባን መተካከክ፤ በሁሉም ውስጥ ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ተደራዳሪዎች አሉ። ፈሊጦቹ ወደ ፖለቲካ ሲገቡ ግን ስምምነቱ የማን ኪስና የማን ሕይወት ላይ እንደሚያርፍ ይሰውራሉ ብዬ እከራከራለሁ። ለዚህ ከ«ሎግ ሮሊንግ»፣ ማለትም ከግንድ ማንከባለል የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም።

የፈሊጡ መነሻ የተመሰገነ ሥራ ነው። ጫካ መንጥረው የሚሰፍሩ የአሜሪካ ገበሬዎች የጣሉትን ግንድ ብቻቸውን ሊያነሱት አይችሉም ነበር። ጎረቤት ተጠራርቶ ግንዱን እያንከባለለ ይከምርላቸዋል፤ እነሱም በተራቸው ሄደው ያግዛሉ። ወንፈል የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ቃሉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ምክር ቤት ተሻገረና የእንደራሴዎች የድምፅ ልውውጥ መጠሪያ ሆነ፦ የኔን ረቂቅ ደግፍ፣ ያንተን እደግፋለሁ። ጫካው ውስጥ ገበሬው የሚያበድረው የራሱን ጉልበት ነው። እንደራሴው የሚለዋወጠው ድምፅ ግን የሕዝብ አደራ ነው።

ድርጊቱ ራሱ ከስሙ ይቀድማል። በሰኔ 1790 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ኃላፊው ቶማስ ጄፈርሰን አሌክሳንደር ሃሚልተንንና ጄምስ ማዲሰንን ኒው ዮርክ በሚገኘው መኖሪያው ራት ጋበዘ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሃሚልተን የፌዴራሉ መንግሥት የክፍላተ ግዛቶቹን የጦርነት ዕዳ እንዲረከብ ይፈልጋል፤ የቨርጂኒያው ማዲሰን ይቃወማል፤ የደቡብ ሰዎች ደግሞ ዋና ከተማው ፖቶማክ ወንዝ ዳር እንዲሆን ይሻሉ። ጄፈርሰን ኋላ በጻፈው መሠረት መግባባቱ የተገኘው በዚያ ማዕድ ላይ ነው። ራቱ ብቻውን ይህን ያህል ወሳኝ ስለመሆኑ የታሪክ ምሁራን ይከራከራሉ፤ የዕዳውና የዋና ከተማው ሕጎች ግን በዚያው ክረምት ተከታትለው ጸደቁ። ጄፈርሰን ራሱ በ1792 ለፕሬዚዳንት ዋሽንግተን በጻፈው ደብዳቤ በሃሚልተን ተታልያለሁ ሲል አማርሯል።

ያማረረው ግን ከማዕዱ የነበረ ሰው ነው። አዲሱ ዋና ከተማ የተቆረቆረው ባርነት ሕጋዊ በሆነባቸው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መካከል ነው። ካፒቶልንና የፕሬዚዳንቱን መኖሪያ ከሠሩት መካከል በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ፤ የሥራቸው ክፍያ የሚገባው ለጌቶቻቸው ነበር። በከተማዋ ባርነት የቀረው በ1862 ነው። የ1790ውን ስምምነት «ሁለቱም ወገን የፈለገውን አገኘ» ብሎ መተረክ እነዚህን ሰዎች ከቁጥር ማውጣት ነው።

የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራኑ ዊሊያም ራይከርና ስቲቨን ብራምስ በ1973 ባሳተሙት ጥናት ከዚህም ርቀው ሄዱ። እያንዳንዱ የድምፅ ልውውጥ ለሁለቱ ተለዋዋጮች ያተርፋል፤ ልውውጡ ውስጥ በሌሉት ላይ ግን ኪሳራ ይጥላል። ልውውጦቹ ሲደራረቡ አንዱ በሌላው ውል ስለሚጎዳ፣ በመጨረሻ ተለዋዋጮቹን ጨምሮ ሁሉም ከመነሻው የባሰ ቦታ ላይ ሊገኝ ይችላል።

የ1930ው የስሙት-ሃውሊ የቀረጥ ሕግ ለዚህ የሚቀርብ ምሳሌ ነው። እያንዳንዱ እንደራሴ ለአካባቢው ምርት ከለላ ለማግኘት ለሌላው ምርት ድምፁን ሰጠ። ፕሬዚዳንት ሁቨር ሕጉን እንዳይፈርም ከአንድ ሺህ በላይ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ቢማጸኑም ፈረመ፤ ካናዳን ጨምሮ የንግድ ሸሪኮች አጸፋውን መለሱ። ኮንግረሱ በ1934 ባወጣው ሕግ ፕሬዚዳንቱ ከውጭ አገሮች ጋር ተደራድሮ ቀረጥን እስከ ግማሽ እንዲቀንስ ሥልጣን ሰጠው። ያም ሰጥቶ መቀበል ነው፤ በዚህኛው ድርድር ግን እያንዳንዱ ወረዳ ለየራሱ ምርት የሚያስገባው ጥያቄ የቀድሞውን ያህል በር አልነበረውም።