የአራት ጥርስ ልዩነት

በመሥሪያ ቤትዎ ለገጠር ሥራ የሚያገለግል መኪና እንዲገዛ የተወሰነ እንደ ሆነ፣ በጨረታው ወረቀት ላይ በመጀመሪያ የሚጻፈው የሞተሩ ጉልበት፣ ቀጥሎ የመቀመጫው ቁጥር፣ በመጨረሻም ዋጋው ነው። በአራቱም ጎማው የሚነዳ መሆኑ ከተጠቀሰማ ጉዳዩ ሁሉ የተሟላ ይመስላል። ከመኪናው ሆድ በታች ጭቃ ለብሶ በሚኖረው ዲፈረንሻል ውስጥ የተቈለፈ አንድ ቁጥር ግን ሳይነሣ ይቀራል። መኪናው ጭነቱን ይዞ ዳገቱን ይወጣ ወይም ከዳገቱ ግርጌ ቆሞ ያቃስት እንደ ሆነ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ይህ ቁጥር ነውና፣ ታሪኩን በጂፕ መኪና ምሳሌነት እነግርዎታለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የአሠራሩን ነገር እንመልከት። ከካምቢዮው ኀይል ተቀብሎ የሚሽከረከረው ዘንግ ጫፉ ላይ ትንሽ ጥርሳም ማርሽ አለው። ይህም ከአንድ ትልቅ ማርሽ ጋር ተናክሶ ጎማዎቹን ያዞራል። ትንሹ 8 ጥርስ፣ ትልቁ 39 ጥርስ ያለው ቢሆን፣ ጎማው አንድ ጊዜ ይዞር ዘንድ ዘንጉ 4.88 ጊዜ መዞር ይኖርበታል። ትልቁ 43 ጥርስ ያለው ቢሆን ደግሞ ዘንጉ 5.38 ጊዜ መዞር አለበት። ረጅም እንጨት ይዞ ድንጋይ የሚፈነቅል ሰው ድንጋዩን በትንሽ ጉልበት ያነሣዋል፤ እጁ ግን ብዙ መንገድ ይሄዳል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ጎማው በበለጠ ኀይል ይዞራል፣ ነገር ግን ይዘገያል፤ ዝቅ ባለ መጠን ይፈጥናል፣ ነገር ግን ይደክማል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰጥ ጥርስ እስከ ዛሬ አልተቀረጸም።

በሐምሌ ወር 1940 የአሜሪካ ጦር ለቅኝት የምትሆን፣ በአራቱም ጎማዋ የምትነዳ ቀላል መኪና ይሠሩለት ዘንድ ለ135 ኩባንያዎች ጥሪ አቀረበ። በአውሮፓ ፈረንሳይ ወድቃ ነበርና ጊዜው አጭር ነበር፤ የመጀመሪያይቱ መኪና በ49 ቀን ውስጥ እንድትቀርብ ተጠየቀ። ክብደቷም ከ590 ኪሎ ግራም እንዳያልፍ የሚል፣ ማንም ሊፈጽመው የማይችል ግዴታ ነበረበት። ይህ ክብደት ኋላ ወደ 980 ኪሎ ግራም ገደማ ከፍ ተደረገ። በፔንሲልቬንያ ግዛት በባትለር ከተማ የነበረው ባንታም የተባለው ትንሽ ፋብሪካ፣ ካርል ፕሮብስት የተባለውን መሐንዲስ ቀጥሮ መኪናይቱን በመስከረም 23 ቀን 1940 ለጦሩ አስረከበ።

እዚህ ላይ ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በ49 ቀን ውስጥ አዲስ ዲፈረንሻል መንደፍ የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ በቶሌዶ ከተማ የነበረው የስፓይሰር ፋብሪካ ስቱድቤከር ሻምፒዮን ለምትባለው የከተማ መኪና ይሠራ የነበረውን ዲፈረንሻል አሻሽሎ ለዚህ ሥራ አዋለው። በኋላ በጭቃና በአሸዋ ውስጥ ዓለምን የዞረችው መኪና የዲፈረንሻሏ ዘር የመጣው እንግዲህ በአስፋልት ላይ ቤተ ሰብ ከምታመላልስ መኪና ነው።

በመጨረሻ የተመረጠው የዊሊስ ኩባንያ መኪና ነበር። የተመረጠበትም ዋና ምክንያት ሞተሩ 60 የፈረስ ጉልበት ስለ ነበረውና የተወዳዳሪዎቹ ሞተሮች ግን 50 እንኳ ስላልሞሉ ነው። ፎርድም በዊሊስ ንድፍ እንዲሠራ ታዝዞ፣ ሁለቱ ፋብሪካዎች በጦርነቱ ዘመን ከ600,000 በላይ ጂፖች አወጡ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ፣ ከፊትም ከኋላም፣ የነበረው ማርሽ 8 እና 39 ጥርስ ያለው ነው። በዚህ ማርሽ ጂፑ በደልዳላ መንገድ በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ ነበር። ለዳገትና ለጭቃ ደግሞ ኀይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ሁለተኛው ካምቢዮ በእጅ ሲለወጥ ዙሩን 1.97 ጊዜ ይቀንሰዋል። አንደኛ ማርሽ፣ ሁለተኛው ካምቢዮና ዲፈረንሻሉ በአንድነት ሲባዙ፣ ጎማው አንድ ጊዜ እስኪዞር ሞተሩ 25 ጊዜ ተኩል ያህል ይዞራል። ሞተሩ በደቂቃ 1,000 ጊዜ ቢዞር ጂፑ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል ማለት ነው፤ ይህም የእግረኛ ወታደር እርምጃ ነው። ለጦር ሜዳ ከዚህ የተሻለ ምርጫ አልነበረም ብዬ አምናለሁ፤ ከጠላት ተኩስ የሚያመልጥ መኪና ከሁሉ አስቀድሞ መሮጥ አለበትና።

ጦርነቱ ሲያልቅስ? ዊሊስ በ1945 ለሲቪል ሕዝብ ያወጣው ጂፕ በመልኩ ያው ነበር፤ የሞተሩ ጉልበትም ያው 60 ነበር። ገዢው ግን ወታደር ሳይሆን ገበሬ ነው። ገበሬው በማረሻ ፊት በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና አይፈልግም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ትልቁን ማርሽ 43 ጥርስ አደረጉት፤ የሁለተኛውን ካምቢዮ ቅነሳም ከ1.97 ወደ 2.43 ከፍ አደረጉ፤ አንደኛ ማርሹንም ጥቂት አበረቱት። አሁን ጎማው አንድ ጊዜ እስኪዞር ሞተሩ 36 ጊዜ ተኩል ይዞራል፤ በዚያው በ1,000 ዙር ጂፑ በሰዓት ከ3 ኪሎ ሜትር ተኩል ጥቂት አለፍ ብሎ ይጓዛል። ከጥማድ በሬ ኋላ የሄደ ሰው ይህን እርምጃ ያውቀዋል።

ነገር ግን የሁለተኛው ካምቢዮ ለውጥና የዲፈረንሻሉ ለውጥ አንድ እንዳልሆኑ ያስተውሉ። የመጀመሪያው የሚሠራው ነጂው እጀታውን ሲስብ ብቻ ነው፤ ደልዳላ መንገድ ላይ ሲደርስ ይተወዋል። ዲፈረንሻሉ ግን እንደ ጥላ በሄዱበት ሁሉ ይከተላል። የወታደሩ ጂፕ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሞተሩ በደቂቃ 3,700 ጊዜ ያህል ሲዞር፣ የገበሬው ጂፕ በዚያው ፍጥነት ከ4,000 ያልፋል፤ ይህም ሞተሩ የመጨረሻ ጉልበቱን ከሚሰጥበት ዙር በላይ ነው። ጩኸቱና የቤንዚኑ ወጪ ከዚህ ይመጣል።

የጎማም ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ብዙ ሰዎች ግርማ ሞገስ ለመጨመር ሲሉ ትልቅ ጎማ ያስገባሉ። ቁመቱ ከዐሥር አንድ እጅ የጨመረ ጎማ በገበሬው ጂፕ ላይ ቢገባ፣ 5.38 የነበረው ቁጥር በሥራ ላይ 4.89 ይሆናል፤ ባለቤቱ ሳያውቅ የገበሬውን መኪና ወደ ወታደር መኪና መለሰው ማለት ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ያለ ተጨማሪ የአየር ግፊት የሚሠራ ሞተር ከጉልበቱ አምስት እጅ አንድ እጅ ያህል እንደሚያጣም ካሰብን፣ ዳገት ላይ ለምን እንደ ደከመ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያሻም።

ከዚህ ሁሉ የከፋው የሁለት ዘመን ዲፈረንሻል በአንድ መኪና ላይ መግጠም ነው። ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉና ከአሮጌ የጦር ጂፕ የተፈታ ባለ 39 ጥርስ ከኋላ ቢገባ፣ ከፊት ያለው ግን ባለ 43 ቢሆን፣ የፊቱ ጎማ 100 ሜትር ሲጓዝ የኋላው 110 ሜትር ሊጓዝ ይሻል። በጭቃ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያስታርቃል። በደረቅ መንገድ ግን አራቱም ጎማ እንዲነዳ እንደ ተደረገ ጎማው ይፋቃል፣ ዘንጉ ይጠመዘዛል፣ በመጨረሻም ከማርሾቹ ደካማው ይሰበራል።

ሌሎችም ይህንኑ ጥያቄ በየራሳቸው መንገድ መልሰውታል። በ1948 ብቅ ያለውና በገጠር መንገዶቻችን ለረጅም ዘመን ሰውና ዕቃ ያመላለሰው ላንድሮቨር 4.7 የሚለውን ቁጥር ይዞ ለብዙ ዓመታት ኖረ። ያው ኩባንያ በ1970 ሬንጅሮቨርን ሲያወጣ ግን ትልቅ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ሰጥቶት ዲፈረንሻሉን ወደ 3.54 ዝቅ አደረገ፤ የዳገቱን ሸክም ለሁለተኛው ካምቢዮ ተወለት።

ወደ ጂፑ ስንመለስ፣ የአሜሪካ ጦር በ1950 አዲሱን ኤም 38 የተባለውን ጂፕ ሲቀበል መኪናው ከቀድሞው ከብዶ፣ የሞተሩ ጉልበት ግን በዚያው በ60 ቀርቶ ነበር። በዲፈረንሻሉ ውስጥ የገባውም 43 ጥርስ ያለው፣ ለማረሻ ተብሎ የተመረጠው ማርሽ ነው። ወታደሩ በዐሥር ዓመት ውስጥ የገበሬውን ማርሽ ወረሰ።

በግቢዎ የቆመ አሮጌ ጂፕ ካለና የትኛው ወገን እንደ ሆነ ማወቅ ቢፈልጉ፣ መካኒኩን ያስጠሩ። ካምቢዮውን ነጻ አድርጎ፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በክሪክ ያንሣና፣ በጎማውና በዘንጉ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርግ። ከዚያም ሁለቱን ጎማዎች እኩል አንድ ሙሉ ዙር ያዙር፤ እርስዎ የዘንጉን ዙር ይቍጠሩ። አምስት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከቆመ ባለ 39 ነው፤ አምስት ዞሮ ከሲሶ ጥቂት ካለፈ ባለ 43 ነው። የፊቱንም እንዲሁ ሳይቈጥሩ አይሂዱ።