የጋሞው ባይራ፦ ከ4,500 ዓመት በኋላ የተነበበ ዘር

የጋሞ ሽማግሌዎች ዋሻዎቻቸውን አንድ በአንድ ያውቋቸዋል፤ በጦርነት ዘመን ሕዝቡ የተሸሸገባቸው ናቸውና። በአካባቢው ለዓመታት ሲያጠኑ የቆዩትን አርኪዮሎጂስቶች፣ ካትሪን አርተርንና ጆን አርተርን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ ሞታ ዋሻ መርተው የወሰዷቸውም እነርሱ ናቸው። በዓመቱ ሲቆፈር፣ ከድንጋይ ክምር ሥር የአንድ ወንድ አፅም ተገኘ። ዕድሜው 4,500 ዓመት ገደማ ነው። ባይራ የሚል ስም ወጣለት፤ በጋሞኛ በኩር ማለት ነው።

እስከዚያ ድረስ ከአፍሪካ ጥንታዊ አፅም ሙሉ ዘረመል ያነበበ ሰው አልነበረም። ሙቀት ዲኤንኤን ሰባብሮ ያጠፋዋል። ሞታ ግን 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ቀዝቃዛ ዋሻ ነው። ናሙናው የተወሰደው የውስጥ ጆሮን ከከበበው የራስ ቅል አጥንት ነው። ይህ አጥንት እጅግ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ዲኤንኤን ከሌሎቹ ይልቅ አቅፎ ያቆያል። አጥንቱ ይፈጫል፤ ከዱቄቱ ዲኤንኤው ይለያል፤ ቁርጥራጮቹ በመሣሪያ ከተነበቡ በኋላ በኮምፒዩተር ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 በሳይንስ መጽሔት ታተመ። ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከምዕራብ እስያ ወደ አፍሪካ ቀንድ የገባውና በዛሬዎቹ ኢትዮጵያውያን ዘንድ የሚታየው ዘር በባይራ ውስጥ የለም። እርሱ ከዚያ በፊት የነበረውን ሕዝብ ይወክላል። በሕይወት ካሉት ሕዝቦች መካከል ደግሞ ይበልጥ የሚቀርቡት በደቡብ ኢትዮጵያ የሚኖሩት አሪዎች ናቸው።

የባይራ ፋይዳ ከአገር ድንበርም አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2022 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በማላዊ፣ በዛምቢያና በታንዛኒያ የተቀበሩ አዳኝና ለቃሚዎችን ዘረመል መረመረ፤ ጥንታዊው 18,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ነው። የእነዚህ ሰዎች ዘር ከሦስት ምንጮች የተቀዳ ሆኖ ተገኘ፦ ከደቡባዊው አፍሪካ፣ ከመካከለኛው አፍሪካ ደን፣ እንዲሁም ባይራ ከሚወክለው ከምሥራቅ። ቅድመ አያቶቻቸው ረጅም ርቀት እየተጓዙ ተዋለዱ፤ ኋላ ግን ልጆቻቸው በየአካባቢያቸው ረግተው ኖሩ፤ ትዳርም ከቅርብ ያዙ።

ለእኛ ግን ከሁሉም በላይ ሊነገር የሚገባው ሌላ ነው። በአሪ ብረት ቀጥቃጩ ከገበሬው ጋር አይጋባም፤ ሲናቅም ኖሯል። ቀጥቃጮቹ ከገበሬዎቹ የተለየ ምንጭ ያላቸው ጥንታዊ ሕዝብ ይሆናሉ ያሉ ምሁራንም ነበሩ። በዚያው በ2015 የወጣ ሌላ የዘረመል ጥናት ግን ሁለቱም ከአንድ ምንጭ እንደተቀዱ፣ በመካከላቸው የሚታየውን የዘረመል ልዩነትም ያመጣው መገለሉ ራሱ እንደሆነ አሳየ። ማረሻውን የሚሠራው ቀጥቃጭና በዚያ ማረሻ የሚያርሰው ገበሬ የአንድ አያት ልጆች ናቸው። ይህ እውነት ከሳይንሳዊ መጽሔቶች ወጥቶ በጂንካም፣ በአርባ ምንጭም፣ በአዲስ አበባም ለሕፃናት በየቋንቋቸው ሊነገር ይገባል፤ ቀጥቃጭን መናቅ በዘር ሊመካኝ እንደማይችል ገና በልጅነታቸው ይወቁት።