የአንዱ ዓይን ዳፋ ለሌላው

የታሪክ መምህር ስለ ዓይን ሕመም ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ሐኪም አይደለሁም፤ የምናገረውም የሕክምና ምክር አይደለም። ነገር ግን ሐኪሙ ስላለፈው ነገር ካልጠየቀ በቀር ሊታወቅ የማይችል ሕመም አለ፤ የዛሬው ንግግሬ የዚያ ሕመም ታሪክ ነው።

ከቤቴ ልነሣ። በ1972 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሜ መርሳ አካባቢ እንጨት ሲፈልጥ ስንጥር ተፈናጥሮ ቀኝ ዓይኑን ወጋው። ዓይኑ ጠፋ፤ ቁስሉ ግን ደረቀ፤ እኛም አንዱ ተርፎለታል ብለን ተጽናናን። በፋሲካ ሰሞን ግራ ዓይኑ ይቀላ፣ ብርሃንም ይሸሽ ጀመር። «ጉም ገባብኝ» ይል ነበር። ጎረቤት የሰው ዓይን ነው አለ። እናታችን ጠበል ወሰደችው። አንድ ጤና ጣቢያ ደግሞ የትራኮማ ቅባት ሰጥቶ መለሰው። ሁሉም የሚያዩት የታመመውን ግራ ዓይን ነበር፤ ስለ ቀኙ የጠየቀ አልነበረም።

ሐኪሞች ይህን ሕመም ሲምፓቴቲክ ኦፍታልሚያ ይሉታል። እኔ በአማርኛ «የአንዱ ዳፋ ለሌላው» ከማለት የተሻለ አላገኘሁለትም። የዓይን ውስጠኛው ክፍል ከሰውነት የመከላከያ ኃይል በከፊል ተሸሽጎ የሚኖር ነው። ዓይን ሲበሳ ያ የተሸሸገው ይገለጣል፤ የሰውነት ዘበኛም እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይነሣበታል፤ አንዴ ከተነሣ ደግሞ የቆሰለውን ዓይን ከጤነኛው አይለይም። ዓይናቸው ከተበሳ ሰዎች መካከል ይህ የሚደርስባቸው እጅግ ጥቂቶቹ ናቸው። ብዙውን ጊዜ ከጉዳቱ ከሁለት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ይመጣል፤ ከዓመታት በኋላ የመጣባቸውም አሉ።

የዚህ ሕመም በጣም የታወቀው ሰለባ ሉዊ ብሬይል ሳይሆን አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1809 ከፓሪስ በስተምሥራቅ በምትገኘው ኩቭሬ መንደር ተወለደ፤ አባቱ ኮርቻና ልጓም ሠሪ ነበር። ልጁ በ3 ዓመቱ በአባቱ መሥሪያ ቤት ሲጫወት በወስፌ አንድ ዓይኑን ወጋ። ሁለተኛው ዓይን ተከተለ፤ 5 ዓመት ሲሆነው ሁለቱም ጠፉ። «ሳይሆን አይቀርም» ያልሁት ምርመራው የኋለኞች ሐኪሞች ግምት ስለሆነ ነው፤ ተላላፊ ቁስለት ነበር የሚሉም አሉ። በዘመኑ የነበሩ ሐኪሞችማ ለሕመሙ ስም እንኳ አልነበራቸውም።

ሕመሙን አብራርቶ የጻፈው የግላስጎው ሐኪም ዊልያም ማኬንዚ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1840። የሕሙማኑን ያለፈ ታሪክ ከአሁኑ ሕመማቸው ጋር አገናኝቶ አየ። መድኃኒት ግን አልነበረውም። በዚያው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች የደረሱበት መፍትሔ ጨካኝ ነበር፤ ጤነኛው እንዲተርፍ የተጎዳውን ዓይን ነቅሎ ማውጣት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከወጣ ይከላከላል ተባለ። ጥቂትም ቢሆን የሚያይ ዓይን ያለውን ሰው «አስወጣው» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1905 የቪየናው ኤርንስት ፉክስ የሕመሙን መልክ በማይክሮስኮፕ ገለጠ፤ በ1910 ደግሞ የፕራጉ አንቶን ኤልሽኒግ ሰውነት በገዛ ዓይኑ ላይ መነሣቱ ነው የሚለውን ሐሳብ አቀረበ። ሕክምናው የመጣው ግን ከዓይን ሐኪሞች አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ፊሊፕ ሄንችና ባልደረቦቹ ኮርቲዞንን ለመገጣጠሚያ ሕመምተኛ ሰጡ፤ ከዚያም መድኃኒቱ ወደ ዓይን ሕክምና ተሻገረ። ከማኬንዚ እስከዚያ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል።

በእኛስ አገር? ስቴፋን ስትሬልሲን ሰብስቦ ባሳተማቸው የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ የዓይን መድኃኒቶች ይገኛሉ፤ አባቶቻችን ዓይንን ችላ አላሉም። እ.ኤ.አ. በ1896 ከዐድዋ በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ልዑክ መጣ፤ በምኒልክ ስም የተሰየመው ሆስፒታልም ከጊዜ በኋላ የዓይን ሐኪሞች ማሠልጠኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ሰው 1.6ቱ ዓይነ ስውር መሆኑን አሳየ፤ ግማሽ ያህሉ በሞራ፣ 11.5 ከመቶው በትራኮማ ጠባሳ ምክንያት። እንዲህ ባለ አገር የቀላ ዓይን ያየ ጤና ረዳት ትራኮማ ቢል ብዙውን ጊዜ ልክ ነው። ስለዚህ ቅባቱን በሰጠው ሰው አልፈርድም። እምብዛም የማይገጥም ሕመም የሚጠፋው በሚገጥሙት ብዛት ውስጥ ነው።

ወንድሜ በሐምሌ ወር በጭነት መኪና አዲስ አበባ ደረሰ። አንድ ሐኪም ጠባሳውን ዐይቶ፣ «ይህኛው መቼ ነው የተመታው?» ብሎ ጠየቀ። በአምስት ወር ውስጥ ይህን የጠየቀ እርሱ ብቻ ነበር። እናታችን ቀኑን አታውቀውም። «ከሁዳዴ መያዣ በፊት፣ በቅበላው ሳምንት» አለች። ሐኪሙ በጣቱ ወራቱን ቆጠረና ዝም አለ። ኮርቲዞን መሰል ክኒን ተሰጠው፤ ብርሃንን ከጥላ መለየት ተረፈለት፤ ከዚያ በላይ አልሆነም።

በኋላ ብሬይል ተምሮ አስተማሪ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ «ጋሼ፣ ይህን ፊደል የፈጠረው ልጅም የታመመው የአንተን ሕመም ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ነገርሁት። ጣቶቹን ከገጹ ላይ አላነሣም።

«በምን ተወጋ?» አለኝ።

«በወስፌ።»

«እንግዲያው ዘመዴ ነው» አለና ንባቡን ቀጠለ።