ላቲን፣ ግዕዝና የጋሞው መነኩሴ

ላቲንን ዛሬ መማር ይጠቅማልን? የሚለው ጥያቄ በአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ብዙ ክርክር ያስነሣ ነው። አንደኛው ወገን፣ ከእናቱ አፍ የሚማረው ሕፃን የሌለው ቋንቋ ሙት ነውና ተማሪው ጊዜውን በሒሳብና በፊዚክስ ቢያውለው ይሻለዋል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ የቀድሞው የአውሮፓ ሕግ፣ ሃይማኖትና ፍልስፍና በአብዛኛው የተጻፈው በላቲን ስለ ሆነ፣ እርሱን የማያውቅ ሰው የአያቶቹን ቤት ከደጅ ሆኖ ያያል እንጂ አይገባበትም ሲል ይመልሳል። በሃንጋሪ እስከ 1844 ድረስ የመንግሥቱ ቋንቋ ላቲን ነበረ፤ የሮማ ቤተ ክርስቲያንም ቅዳሴዋ በየሕዝቡ ቋንቋ እንዲደረስ የፈቀደችው ከ1962 እስከ 1965 በተደረገው በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ነው። (የተለየ ምልክት ካልተደረገበት በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ይህ ክርክር ላይ ላዩን ሲታይ እኛን የሚመለከት አይመስልም። ነገር ግን ላቲን አርባ ምንጭ ድረስ መጥቷል። በ1990 በነጭ ሳር ሜዳ መንገድ ላይ አንዲት የሌሊት ወፍ መሳይ ሳትሆን እውነተኛ ወፍ፣ በሌሊት የምትበር፣ ሞታ ተገኘች፤ ከአካሏ ለምርመራ የተወሰደው አንድ ክንፍ ብቻ ነበረ። ሊቃውንቱ ክንፉን ከሌሎች ወገኖቿ ጋር አስተያይተው አዲስ ዐይነት መሆኗን ስለ ተረዱ፣ በ1995 «ካፕሪሙልጉስ ሶላላ» የሚል ስም አወጡላት። በላቲን «ሶሉስ» ብቻ፣ «አላ» ክንፍ ማለት ነውና፣ የስሟ ትርጓሜ «ክንፍ ብቻ» ነው። የጋሞ ደጋ ሕዝብ ምግብ የሆነው እንሰትም በዕፀዋት ሊቃውንት መዝገብ «ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም» ይባላል፤ የፊተኛው ቃል የራሳችን ሲሆን የኋለኛው ሆዳም፣ ሆዱ የተነፋ ማለት ነው። የእንሰቱን ግንድ ከታች ያየ ሰው ስሙ በሚገባ እንደ ወጣለት ይመሰክራል። የጋሞ ልጆችም ዛሬ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን በትምህርት ቤት የሚጽፉት በላቲን ፊደል ነው።

ይሁን እንጂ ስለ አንዲት ወፍና ስለ ፊደል ብሎ የላቲንን ሰዋስው መማር የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ነው። ለእኛ የላቲንን ስፍራ የያዘው ግዕዝ ነው። ግዕዝ የሕዝብ መነጋገሪያ መሆኑ ከቀረ ብዙ መቶ ዓመት ቢሆነውም፣ ዜና መዋዕሉ፣ ገድሉ፣ ሕጉና ቅዳሴው የተጻፈው በእርሱ ነው። እንግዲህ ጥያቄውን ወደ ራሳችን መልሰን፣ በአርባ ምንጭ ያለ ተማሪ ግዕዝ ቢማር ምን ይጠቅመዋል? ብለን እንጠይቅ። ግዕዝ የአክሱም፣ የላሊበላና የጎንደር ነገር ነው፤ ለጋሞ ምኑ ነው? የሚል ሰው ብዙ ነውና፣ መልሱን ከዚያው ከጋሞ እንፈልገው።

በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን (1563–1597) በጋሞ ምድር አባ ባሕርይ የሚባል መነኩሴ ይኖር ነበር። ይህ ሰው በ1593 ስለ ኦሮሞ ሕዝብ አመጣጥና አኗኗር አንድ አጭር የግዕዝ መጽሐፍ ጻፈ። በመጽሐፉ ርእስ ላይ ያለው የሕዝቡ ስም ዛሬ እንደ ስድብ የሚቈጠር ስለ ሆነ አልደግመውም። ባሕርይ የኖረበት የጋሞ አገር በዚያ ዘመን ጦርነት ተዘርፎአል፤ ስለዚህ የሚጽፈው ስለ ጠላቱ ነው። ከዚህም የተነሣ ገና በመጀመሪያው ላይ፣ የክፉዎችን ታሪክ እንደ ደጎች ታሪክ ለምን ጻፍህ? የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ የቀደሙትም የሃይማኖታችንን ተቃዋሚዎች ታሪክ ጽፈዋል ብዬ እመልሳለሁ የሚል ሐሳብ ያቀርባል። ቍጣው አልተሰወረም። ነገር ግን ቍጣው ከመመርመር አላገደውም። የገዳውን ሥርዐት፣ ሉባዎቹ በየስምንት ዓመቱ እንዴት እንደሚተካኩ፣ ከመልባ ጀምሮ የእያንዳንዱን ሉባ ስምና የዘመተበትን አገር በተራ ይዘረዝራል። ዛሬ የኦሮሞን ሕዝብ የ16ኛውን መቶ ዓመት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁሉ፣ ቢስማማበትም ባይስማማበትም፣ ይህን መጽሐፍ ሳይጠቅስ አያልፍም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ወደ መጨረሻው ያለው ክፍል ነው። በዚያ ባሕርይ፣ እኛ ብዙ ሆነን የጦር መሣሪያም ሳናጣ ስለምን ተሸነፍን? ብሎ ይጠይቃል። ለጥያቄው በዘመኑ የተለመደውን መልስ፣ እግዚአብሔር በኀጢአታችን ቀጣን የሚለውን፣ ያውቀዋል፤ ነገር ግን በእርሱ ላይ አያቆምም። የአገሩን ሰው በዐሥር ክፍል ከፍሎ ያያል፦ መነኮሳት፣ ደብተሮች፣ ዳኞች፣ የመኳንንት ሚስቶችንና የልዕልቶችን አጃቢዎች፣ ባለርስት ሽማግሌዎች፣ ገበሬዎች፣ ነጋዴዎች፣ የእጅ ጥበብ ሠራተኞች፣ አዝማሪዎች፤ እነዚህ ዘጠኙ አይዋጉም። የሚዋጋው ጋሻና ጦር ይዞ ንጉሡን የሚከተለው ዐሥረኛው ክፍል ብቻ ነው፤ እርሱም ጥቂት ነው። በኦሮሞ ዘንድ ግን ከትንሽ እስከ ትልቅ ሁሉ ለጦርነት ይሠለጥናል። ስለ መነኮሳቱ ሲጽፍ ከእነርሱ መካከል በልጅነታቸው፣ በትምህርት ላይ ሳሉ፣ በሌሎች መነኮሳት ተስበው የመነኰሱ መኖራቸውን ይናገርና የዚህ መጽሐፍ ጸሐፊም እንዲሁ ነው ይላል፤ አስከትሎም ጦርነት ፈርተው የመነኰሱ እንዳሉ አይደብቅም። ራሱን ከትችቱ ውጭ ያላደረገ ጸሐፊ በየዘመኑ አይገኝም። (እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በዚያ ዝርዝር ከየትኛው ክፍል እንደምንገባ ለአንባቢ እተወዋለሁ።)

ይህ መጽሐፍ ከጋሞ ወጥቶ የሄደበት መንገድ ረጅም ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት በኢትዮጵያ የነበረው ኢየሱሳዊው ማኑኤል ዴ አልሜይዳ ለፖርቱጋልኛው ታሪኩ ተጠቀመበት። ሽላይኸር በ1893 በጀርመንኛ፣ ጕዊዲ በ1907 በፈረንሳይኛ፣ ቤኪንግሃምና ሀንቲንግፎርድ በ1954 በእንግሊዝኛ አወጡት። በመጨረሻም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ2002 «የአባ ባሕርይ ድርሰቶች» በሚል መጽሐፍ ከአማርኛ ጋር አሳተሙት፤ ያም የታተመው በአሜሪካ ነው።

ትርጕሙ ካለ ግዕዙን መማር ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ይኖራል። የጸሐፊውን ስም ብቻ እንመልከት። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ አንባቢ «ባሕርይ» ሲል ጠባይ ማለት ይመስለዋል። በግዕዝ ግን ቃሉ ከባሕር የሚወጣውን ዕንቍም ያመለክታል፤ «ዕንቈ ባሕርይ» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። የስምን ትርጓሜ እንኳ እንዲህ የሚያሳስት ከሆነ፣ አንድ ሕዝብ በሌላው ላይ የጻፈውን የሻከረ ዐረፍተ ነገር በሦስተኛ ቋንቋ አንብቦ መፍረድ እንዴት አደጋ እንዳለው መገመት አያዳግትም።

ላቲንና ግዕዝ የሚገናኙትም በዚሁ በመዝገበ ቃላቱ በኩል ነው። ከቤተ አምሐራ የሄደው አባ ጎርጎርዮስ በ1649 በሮማ ከጀርመናዊው ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋወቀ፤ በ1652ም በጎታ መስፍን ቤት አብረው ሠሩ። ሉዶልፍ ከእርሱ የተማረውን በ1661 በግዕዝና በላቲን መዝገበ ቃላት፣ በ1681 በኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ በአማርኛ ሰዋስው አወጣ፤ ሁሉንም የጻፈው በላቲን ነው። ስለ ቋንቋችን በመጀመሪያ የታተመውን ሰዋስው ለማንበብ ላቲን ያስፈልጋል ማለት ነው! ጎርጎርዮስ ግን ወደ አገሩ ሲመለስ በ1658 መርከብ ሰጥማበት ሞተ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በ1865 ዲልማን ያሳተመው ታላቁ የግዕዝ መዝገበ ቃላትም ፍቺው በላቲን ነው፤ «ባሕርይ»ን የፈለገ ሰው «ማርጋሪታ» የሚል የላቲን ቃል ያገኛል። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ» በደስታ ተክለ ወልድ ትጋት በ1948 ዓ.ም. እስኪታተም ድረስ፣ ከየጉባኤ ቤቱ ውጭ የነበረ ኢትዮጵያዊ የራሱን ጥንታዊ ቋንቋ በባዕድ ሙት ቋንቋ ይፈልግ ነበር። ስለዚህ በየዩኒቨርሲቲው የግዕዝ መጻሕፍትን የሚመረምሩ ጥቂት ሰዎች ላቲንም ቢማሩ ትርፍ እንጂ ኪሳራ የለውም፤ ለብዙኃኑ ግን ግዕዙ ይበቃል።

በጋሞ ግዕዝን የሚቃወም ሰው ያለ ምክንያት አይናገርም። የጋሞ ሕዝብ የሕጉና የዕርቁ ታሪክ የሚገኘው በዱቡሻው ሸንጎ በሽማግሌዎቹ አፍ፣ በገዛ ቋንቋው ነው፤ ግዕዝ የሚያውቁ ካህናት በብዛት የመጡትም በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ከዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ጋር ነው። ባሕርይ ግን ከዚያ ሦስት መቶ ዓመት ቀድሞ በዚያ ምድር ጽፎአል። ወጣቱ ከሽማግሌው የሰማውን ከመነኩሴው ጽሑፍ ጋር፣ የመነኩሴውንም ከኦሮሞ አባቶች ትውፊት ጋር ማስተያየት የሚችለው ሁለቱንም ሲይዝ ነው።

ይህን ለማድረግ ዕድሜን በቅኔ ቤት መጨረስ አያስፈልግም። አማርኛ የሚያነብ ተማሪ ፊደሉንና ከቃላቱም ብዙውን አስቀድሞ ይዞአልና፣ ግሱን በሚገባ ቢማር የባሕርይን ዐይነት ቀላል ዝርው ጽሑፍ ለማንበብ ሁለት ዓመት ይበቃዋል ብዬ አምናለሁ። መጽሐፉ በአጫጭር ምዕራፎች የተከፈለ ስለ ሆነ ለትምህርት ይመቻል። የማስተማር ሥልጣን ቢሰጠኝ የምጀምረው ከዐሥሩ ክፍሎች ነበር፤ የእያንዳንዱ ሥራና ሳይዘምት የቀረበት ምክንያት በጥቂት መስመር ተነግሮአልና፣ ተማሪው በአንድ ቀን አንዱን ክፍል አንብቦ፣ በዐሥረኛው ቀን ከባለ ጋሻዎቹ ይደርሳል።