ሻይ፣ አረቄና የጋራ ገበታ፦ ከጉለሌ የታየ ማኅበራዊ ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ)



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ መድረክ የቀለለ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለ ዐድዋ ወይም ስለ መሬት ሥሪት መስማት ለለመደ ጆሮ የሻይ ነገር እንደ ጨዋታ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ሕዝብ በየዕለቱ የሚያደርገው፣ ስለ ማድረጉም የማይጽፈው ነገር ከማኅበራዊ ታሪክ ምንጮች አንዱ ነው። የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሻይ ላይ አረቄ ወይም ኮኛክ ጠብ ማድረግ በከተማችን፣ በተለይም ብርዳም በሆነው በሰሜኑ የጉለሌ ሰፈር፣ ለምን ያከራክራል?

ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ ባሉ ሻይ ቤቶች ጉዳዩን ያነሣ ሰው ሁለት ወገን ማግኘቱ አይቀርም። አንደኛው «ለጉንፋን መድኃኒት ነው፤ ለብርድም ፍቱን ነው» ይላል። ሁለተኛው «ሻይን አታበላሹት፤ መጠጣት የፈለገ ወደ አረቄ ቤት ይሂድ» ይላል። ክርክሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የጣዕም ይመስላል፤ እኔ ግን የቤት ክርክር ነው እላለሁ። ከጀርባው ያለው ጥያቄ በዚህች ከተማ ሁሉም ሰው ያለ ሥጋት ሊቀመጥበት የሚችለው ቤት የትኛው ነው የሚል ነው።

ቃላቱ የሚነግሩን

ከቃላቱ ልጀምር። ዓለም ሻይን የሚጠራባቸው ስሞች በአብዛኛው ከሁለት የቻይና አነጋገሮች የመነጩ ናቸው። «ቴ» የሚለው ከደቡብ ምሥራቅ ቻይና ጠረፍ በሆላንድ መርከቦች ወደ ምዕራብ አውሮፓ ተጓዘ። «ቻይ» የሚለው በየብስ መንገድ በፋርስ በኩል ተሠራጨ። ዐረብኛ የ«ቸ» ድምፅ ስለሌለው ቃሉን «ሻይ» አደረገው፤ በየመንና በሒጃዝ ደግሞ «ሻሂ» ይሉታል። አማርኛ ግን «ቸ» አለው። ቃሉ በቀጥታ ከፋርስ፣ ከሩስያ ወይም ከስዋሂሊ ተናጋሪዎች ደርሶን ቢሆን ኖሮ «ቻይ» ከማለት የሚያግደን አልነበረም። እኛ «ሻይ» ማለታችን፣ በትግርኛና በአንዳንድ የዕድሜ ባለጸጋ አማርኛ ተናጋሪዎች አንደበትም «ሻሂ» መባሉ፣ ቃሉ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በዐረብኛ በኩል እንደ መጣ ያመለክታል። የሚፈላበት በራድና የሚቀርብበት ስኒም ስማቸውን ይዘው የመጡት በዚያው መንገድ ነው።

አረቄም የዚሁ መንገድ ተጓዥ ነው። «ዐረቅ» በዐረብኛ ላብ ማለት ነው፤ በማጣሪያው ዕቃ ላይ እንደ ላብ አቆርዝዞ ጠብ ጠብ ለሚለው ፈሳሽ መጠሪያ ሆነ። እንግዲህ ሁለቱ ቃላት በአንድ ባሕር ተሻግረው መጡ፤ ከደረሱ በኋላ ግን በሁለት ቤት ገቡ። አንዱ በብርጭቆ በሻይ ቤት፣ ሌላው በመለኪያ በአረቄ ቤት። የኛ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ መለያየት ነው።

ከእንጦጦ ግብር እስከ ሻይ ቤት

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲቀቡ፣ የዘመኑ የክብር መጠጥ ጠጅ፣ የብዙኃኑም ጠላ ነበር። ቡና እንኳ በክርስቲያኑ ደጋ ቤቱን ገና መያዙ ነው። የሙስሊም መጠጥ ነው ተብሎ በካህናቱ ዘንድ ለረጅም ጊዜ ሲነቀፍ ቆይቶ፣ በምኒልክ ዘመን ንጉሡ ራሳቸው ስለ ጠጡትና አቡነ ማቴዎስም ነቀፋውን ስላለዘቡት በፍጥነት ተስፋፋ። ይህ ለርእሳችን ትልቅ ትምህርት ነው። ዛሬ «የአበሻ ባህል» የምንለው የቡና ሥርዓት በብዙው የክርስቲያን ደጋ አንድ ክፍለ ዘመን ተኩል እንኳ ያልሞላው ነው።

ሻይ ከዚህም ዘግይቶ በሰፊው ተለመደ። የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ መድረሱ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ሸቀጥ ሁሉ አቀረበ። ስኳር ሌላው ምክንያት ነው፤ የእኛ ሻይ ያለ ስኳር ሻይ አይባልምና። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ሲጀምር ጣፋጭ ሻይ የባለጸጎች ብቻ መሆኑ እያበቃ ሄደ። ቅጠሉም በአገር ውስጥ በቅሏል፤ በኢሉባቦር ጎሬ አቅራቢያ ያለው ጉመሮ ቀደምት ሲሆን፣ በካፋ ቦንጋ አጠገብ ያለው ውሽውሽ ከእሱ በኋላ የተቋቋመ ነው። የቡና መገኛ የሆነችው ካፋ የሻይም አገር ሆነች ማለት ነው።

ቡና ቤትና ሻይ ቤት

አሁን ወደ አንድ የሚያስገርም የአማርኛ ጠባይ ልምጣ። በከተሞቻችን «ቡና ቤት» ሲባል ቢራና አረቄ የሚሸጥበት፣ ማታ የሚሞቅ፣ ሙዚቃ የማይለየው ቤት ማለት ሆኖ ቆይቷል። «ሻይ ቤት» ሲባል ደግሞ ጠዋት የሚከፈት፣ ሻይና ዳቦ፣ ፓስቲና ቦምቦሊኖ የሚገኝበት፣ ተማሪ፣ ሹፌርና የቀን ሠራተኛ የሚገናኙበት ቤት ነው። ሁለቱም የሚጠሩት አልኮል በሌለበት መጠጥ ሆኖ ሳለ አንዱ ለአልኮል የተሰጠው ለምንድን ነው?

ሁለት ምክንያት አቀርባለሁ። የመጀመሪያው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣልያን ወረራ ጊዜ በሰፊው የታየው የጣልያን ባር ነው፤ በአንድ ባንኮኒ ቡናም አልኮልም ይሸጣል። ሁለተኛውና በእኔ እምነት ጠንካራው ከውስጥ የመነጨ ነው። ቡና በቤት ውስጥ ሙሉ ሥርዓት አለው፤ ጀበናው፣ ረከቦቱ፣ ዕጣኑ፣ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው። ጀበናውም እዚሁ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ በቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ሴቶች እጅ ይሠራል። ቡናውን ጎረቤት ጠርቶ በቤቱ የሚጠጣ ሰው ማታ ቡና ቤት የሚሄደው ለቡና ብሎ አይደለም፤ ለሌላ ነገር ነው። ሻይ ግን እንዲህ ያለ ሥርዓት አላገኘም። ጎረቤት የሚጠራበት ዕጣን የለውም፤ ቶሎ ፈልቶ፣ ቶሎ ተጠጥቶ ወደ ሥራ የሚኬድበት ነው። ሥርዓት ማጣቱ ከደጅ አወጣው፤ ደጅ መውጣቱም የአደባባይ ቤት ሰጠው።

ሥጋ በሚለይበት፣ ሻይ በሚያገናኝበት

የዚህን ቤት ዋጋ ለመረዳት የገበታችንን ድንበሮች ማስታወስ ይበቃል። በአገራችን ክርስቲያንና ሙስሊም በሠርግም በለቅሶም አብረው ይቆማሉ፤ በሥጋ ግን ይለያያሉ፤ አንዱ የባረከውን ሌላው አይበላም። የኦርቶዶክስ ጾም ረቡዕና ዓርብን፣ ረጃጅሞቹንም አጽዋማት ከሥጋና ከወተት ይለያል። ጠጅና ጠላ ለሙስሊሙ ክልክል ናቸው፤ ብዙ የወንጌላውያን አማኞችም አልኮል አይነኩም። እነዚህን ድንበሮች አንድ በአንድ ስንሻገር በሁሉም ዘንድ ተቀባይነት ያለው ምን ይቀራል? በቀረፋ፣ በቅርንፉድና በሔል የፈላ አንድ ብርጭቆ ሻይ።

ጉለሌ ይህ በተግባር የሚታይበት ሰፈር ነው። በሽሮ ሜዳ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች፣ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች፣ የጥበብ ልብስ ነጋዴዎች፣ የታክሲ ረዳቶችና የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች በአንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጣሉ። ቋሚዎቹ ደንበኞች ስለ ሻይ የሚከራከሩት እንደ ባለሙያ ነው። አንዱ በጦስኝ፣ አንዱ በዝንጅብል፣ አንዱ በሎሚ ይላል፤ ከቡና ጋር አጋምሶ ስፕሪስ የሚያዝዝም አለ። «ሻይ ቡና እንበል» የሚለው ግብዣችን እምነትም ጾምም ሳይጠየቅ የሚቀርበው ብርጭቆው ለሁሉም እንደሚሆን አስቀድሞ ስለሚታመን ነው።

ድብልቁ

ድብልቁ በዓለም አዲስ ነገር አይደለም። ከእስያ ጋር ይነግዱ የነበሩ እንግሊዛውያን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያስተዋወቁት «ፓንች» ስሙን ያገኘው በሕንድ ቋንቋ አምስት ከሚለው ቃል ነው የሚለው አስተያየት የታወቀ ነው፤ አምስቱም አራክ፣ ስኳር፣ ሎሚ፣ ውኃና ቅመም፣ አንዳንዴም በቅመሙ ፈንታ ሻይ ነበሩ። አራክ የሚባለው መጠጥ ስም የኛው አረቄ ስም ነው። በኦስትሪያ ተራሮች ሻይን ከሮም ጋር የሚቀላቅለው «ያጋቴ» እስከ ዛሬ ይጠጣል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በእንጦጦ ግርጌ የሚኖር ሰው በሐምሌ ጭጋግ ተመሳሳይ ነገር ቢመኝ ሊያስገርመን አይገባም።

ስለ መድኃኒትነቱ ግን ሳይንሱ ግልጽ ነው። አልኮል የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ሙቀት ይሰማናል፤ በዚያው መጠን ግን ሰውነት የውስጥ ሙቀቱን ወደ ውጭ ይለቃል። በሻይ ያለው ካፌይን እንቅልፍን ቢያባርርም ስካርን አይቀንስም፤ ሰካራሙ ንቁ የሆነ ይመስለዋል እንጂ። ለጉንፋን ከሚዋጠው ፓራሲታሞል ጋር ብዙ አልኮል መጠጣት ደግሞ ለጉበት አደገኛ ነው። ጉሮሮን የሚያለዝበው ትኩሱ ውኃ፣ ማሩና ሎሚው ነው፤ እነርሱ ያለ አረቄውም ሥራቸውን ይሠራሉ።

ለእኔ ግን ከጤናው እኩል የሚያሳስበው የመተማመን ጉዳይ ነው። ጠጅ በብርሌው፣ አረቄ በመለኪያው፣ ቢራ በጠርሙሱ ይታወቃል፤ ማን ምን እንደሚጠጣ ዐይን ይመሰክራል። ሻይ ውስጥ የገባ ኮኛክ ግን አይታይም፤ ቀለማቸው አንድ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ በሻይ ብርጭቆ የተሰወረውን ግን ለመቆጣጠር ይከብዳል። ከዚህም በላይ፣ በአንድ ሻይ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሲጠረጠር በመጀመሪያ የሚቀረው ሙስሊሙ ነው፤ ቀጥሎ አልኮል የማይነካው አማኝ፣ ቀጥሎም መጠጥ ትቶ ለመዳን የሚታገለው ሰው። ቤቱ ባይዘጋም የጋራነቱ ያከትማል።

ስለዚህ ሁለተኛው ወገን ምክንያቱን በሚገባ ባይገልጸውም ታሪክ ይደግፈዋል። ሰው በቤቱ ወይም በአረቄ ቤት ሻዩን በፈለገው ቢቀላቅል የራሱ ጉዳይ ነው፤ በስሙ ጠርቶ፣ በግልጽ አዝዞ ይጠጣ። ሻይ ቤት ግን ሻይ ቤት ሆኖ ቢቆይ የሚጠቀመው ሁሉም ነው።

ለተማሪዎቻችን አንድ ሥራ ትቼ ላብቃ። ሰፈሮቻችን እየፈረሱ በአዲስ መልክ እየታነጹ ነው፤ ከቤቶቹ ጋር ሻይ ቤቶቹም ይሄዳሉ። ቤተ መዛግብት ስለ እነርሱ የሚያቆየው ከንግድ ፈቃድና ከግብር ደረሰኝ ብዙም አይዘልም፤ ማን ከማን ጋር ይቀመጥ እንደነበር አይነግረንም። በራድ ሲያፈሉ የኖሩ እናቶችና አባቶች ግን በሕይወት አሉ። ሂዱና ጠይቋቸው፤ መቼ ተከፈተ፣ ማን ይመጣ ነበር፣ ስንት ይሸጥ ነበር፣ አረቄ ይግባ ያለ ደንበኛ ሲመጣ ምን ትሉት ነበር በሏቸው። የመጨረሻዋ ጥያቄ ብቻዋን ስለ ከተማችን አብሮ መኖር ብዙ ትነግራችኋለች።